ያልተሸነፈው የፀጉር ሠሪዬ ባል

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብቻ እንዳትስቁብኝ። የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ራሱን የከተተ ሰው የገዛ ድምፁን አይሰማም። ይህን ያወቅኩት ከተዋረድኩ በኋላ ነው። ፀጉሬ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ካስኩ ጆሮዬ ላይ እያጓራ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ቴሌቪዥን ሁለት ጎረምሶች ሲቧቀሱ ያሳያል። አንደኛው ከመጀመራቸው በፊት ትሪ የሚያህል የሻምፒዮን ቀበቶ ከወገቡ ፈትቶ ለዳኛው ሲሰጥ አይቻለሁ። ወደ ጎረቤቴ ጠጋ ብዬ፣ በሹክሹክታ መስሎኝ፣ "ይኼ ባለቀበቶ የሚገጥመው ሁልጊዜ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ጎበዝ ነው አይደል?" አልኳት። ለካ ጮኬ ኖሯል። በር ላይ ሚስቱን የሚጠብቀው ሰውዬ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ሳቀብኝ።

ያልሳቀችው ፀጉር ሠሪዬ ብቻ ናት። ባሏ ቡጢኛ ነው፤ ሰፈሩ "ጭምቱ" ይለዋል፣ ከአፉ ቃል ለማውጣት ቀጠሮ መያዝ ስለሚያስፈልግ። ቢጎዲኑን እየፈታች፣ "እኔም እንዳንቺ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። በሚቀጥለው ስሄድ የሻምፑ ካርቶን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደብዳቤዎች ናቸው፤ በአባቷና ባሕር ማዶ ባለው የአክስቷ ልጅ መካከል የተጻፉ።

አባቷ የቡጢ አሠልጣኝ ናቸው። በወጣትነታቸው ጣቶቻቸው ተሰባብረው እስክሪብቶ እንደ አካፋ ነው የሚይዙት፤ ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። "ባለፈው ምን ብዬ ነበር?" የማለት ልማድ ስላላቸው ግልባጭ ታስቀራለች። ስልክ የለም ወይ እንዳትሉኝ፤ ሰውዬው ስልክ ላይ "ሁላችንም ደህና" ብለው ጆሮ ላይ የሚዘጉ ናቸው። የአክስት ልጁ ደግሞ የሚሠራው በአንድ ተጋጣሚ ፈላጊ ቢሮ ነው። ተጋጣሚ ፈላጊ ማለት ማን ከማን ይቧቀስ ብሎ የሚወስነው ሰው ነው። እንግዲህ ጥቂት አሳጥሬ ላንብብላችሁ።

ጥቅምት 6

ይድረስ ለውድ የእህቴ ልጅ። ካንተ ናፍቆትና ከግራ ጉልበቴ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። እጅህ የነካው ይባረክ፣ የረገጥከው ይለምልም።

እንዲህ ነው ነገሩ። የልጄ ባል አሥራ አንድ ጊዜ ገጥሞ አሥራ አንዱንም አሸንፏል። ሽንፈት የሚባል ነገር በወረቀቱ ላይ የለም። መብረቁን ጥሏል፣ የብረት ክንድን ጥሏል፣ ነብሮን በሁለተኛው ዙር እንደ ጆንያ አስቀምጦታል። ቪዲዮዎቹን ልጄ በስልኳ ትልክልሃለች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው አሠልጥኛለሁ፤ ቀበቶ ያሰረ ግን አንድም የለኝም። የሥልጠና ቤቴ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቼ አዘጋጅቻለሁ፣ የሚሰቀልበት ነገር ነው የጠፋው። አለቃህ ዘንድ ገብተህ ለቀበቶ የሚያበቃ ግጥሚያ ፈልግለት። ገንዘብ አልጠይቅህም። ገንዘብማ ያልፋል። ቀበቶውን ብቻ።

ትዳር መያዝህን ወይም አለመያዝህንም ጻፍልን፤ ጎረቤት እየጠየቀን መልስ አልቆብናል።

አጎትህ

ኅዳር 19

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ። ጋሼ፣ ጤናዎ እንደ ድሮው ጡንቻዎ ይጠንክር፣ ጉልበትዎንም ፈጣሪ ይማርልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትዳሩን በሚመለከት ለጎረቤት "እያሰበበት ነው" ይበሉ።

ጋሼ፣ የዚህን ቢሮ ነገር ባስረዳዎት ይሻላል። ቢሮው ከልብስ ንጽሕና መስጫ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከታች የካውያ እንፋሎት ይመጣል። አለቃዬ ሰው ባመጣሁለት ቁጥር ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው፣ ስንት ትኬት ያሸጣል? ሁለተኛው፣ የኛን ልጅ ይጎዳብናል ወይ? ጎበዝ ነው ወይ ብሎ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። የኛ ልጅ የሚለው ቢሮው ራሱ የሚያሳድገውን ቡጢኛ ነው፤ "የቤቱ ልጅ" እንለዋለን። የሚመረጡለት ሰዎች ወረቀታቸው የሚያምር፣ ክንዳቸው ግን የማያስፈራ ነው። ታዲያ ሲያሸንፍ ስሙ ያድጋል፣ ስሙ ሲያድግ ትኬቱ ይወደዳል።

ስለዚህ ለጭምቱ ቶሎ አልቸኩልም። በነገራችን ላይ ቪዲዮዎቹን አየኋቸው። መብረቁና ነብሮ ወንድማማቾች ናቸው እንዴ? ወረቀቱ ሁሉ እውነት ነው አይደል? ልጁስ ጤናው እንዴት ነው?

እህቴን፣ የዚህችን ደብዳቤ አንባቢ፣ ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ። ሰላምታዬ እንደ ቀድሞው ነው፤ ትንሽ ብቻ ቀዝቀዝ ብሏል።

የአጎትህን ወረቀት እውነት ነው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ጓንት እንዴት እንደሚታሰር ማን እንዳስተማረህ አትርሳ። መብረቁና ነብሮ አይዛመዱም። ጠንካራ ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፣ በቃ። ልጁም ጤነኛ ነው።

ደግሞ ልንገርህ፣ የሥልጠና ቤቱ ባለቤት ኪራይ ጨምሯል። ጓንቶቹ ተቀደው በማሸጊያ ፕላስተር ነው የምንጠግናቸው። ቀበቶው ባይሆን እንኳ ጥሩ የሚከፍል ግጥሚያ ይሁን። ቀበቶ ለኋላ ይደርሳል። እኔ ለራሴ አይደለም፣ ለልጆቹ ነው።

አጎትህ

(እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ወንድሜ። "ልጁም ጤነኛ ነው" የሚለው ላይ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እኔም የተባልኩትን ጻፍኩ።)

እዚህ ላይ ላቋርጣችሁ፤ ከዚህ በኋላ የአክስት ልጁ ጠፋ። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር ተጋመሰ፣ ምንም የለም። አባቷ የሥልጠና ቤቱን በር ክፍት አድርገው ፖስታ የሚያመጣውን ሰውዬ እየጠበቁ፣ የቡጢ መለማመጃ ጆንያውን ሳይመቱ ይደገፉት ጀመር። ፀጉር ሠሪዬም የዚያን ሰሞን የአንዲትን ደንበኛ ፀጉር ሁለቴ አጥባ ሁለቴ አስከፈለቻት። ከዚያ ይህ መጣ።

ጥር 22

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ። ከሰማይ በታች ካለ ክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርዎት።

ግጥሚያ ተገኝቷል። ጭምቱ ከቤቱ ልጅ ጋር፣ በመጋቢት። ቀበቶም አለበት። ቀበቶው ባለቤት የለውም፤ የመጨረሻው ሰውዬ ጥሎት ሄዷል። ገንዘቡን ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ ያዩታል፤ ቁጭ ብለው ይዩት። ቀብዱ ዛሬ ተልኳል።

ጋሼ፣ ድሮ ቀበቶ ይበልጣል ወይስ ገንዘብ ብለን እንከራከር ነበር። እዚህ መጥቼ ክርክሩ ሞኝነት መሆኑን አየሁ። ቀበቶ ያለበት ግጥሚያ ላይ ቴሌቪዥኑ እጥፍ ይከፍላል። ቀበቶው ገንዘቡን ይጠራል፣ ገንዘቡ ደግሞ ቀበቶው በማን ወገብ ላይ እንደሚያምር አስቀድሞ ይመርጣል። አለቃዬ የጭምቱን ወረቀት አይቶ "አሥራ አንድ ለዜሮ፣ እንዴት ያለ ቆንጆ ዜሮ!" ብሎ ሳመው። ወረቀቱን ማለቴ ነው። ቪዲዮውን ሲያይ ግን ሳቀ።

ምነው ወረቀቱ ትንሽ ባላማረ ኖሮ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። የሚቀጥለውን ደብዳቤ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። ፊደሉ ቢወላገድም ግድ የለኝም፣ አነበዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

የሚቀጥለው ደብዳቤ እውነትም በሌላ እጅ ነው የተጻፈው፤ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። አባቷ አሽገው "ፖስታ ቤት አድርሺልኝ" ብለው ሰጧት። እሷ ደግሞ፣ አትፍረዱባት፣ በፀጉር እንፋሎት ማሽኑ ፖስታውን ከፍታ፣ አንብባ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስታ፣ መልሳ አሽጋ ላከችው።

ጥር 30

ለእህቴ ልጅ። ሰላምታውን እጄ ስለማይችል እንዳልኩት ቁጠረው።

መብረቁ፣ የብረት ክንድና ነብሮ አንድ ሰው ናቸው። ከሥልጠና ቤቱ ቀጥሎ ያለው ጎሚስታ ነው። መጀመሪያ ከነጺሙ፣ ከዚያ ጺሙን ተላጭቶ፣ በመጨረሻ ራሱንም ተላጭቶ ገጠመ። ተጋጣሚ አጥተን ነው። ደግ ሰው ነው፣ ምሳ ብቻ ነው የጋበዝኩት።

እሱ ቀላሉ ነው። ጭምቱ በመስከረም ልምምድ ላይ ግራ ዓይኑን ተመታ። ቡጢ መቀበያ ፓድ ስይዝለት ቡጢው ከፓዱ አንድ መዳፍ ያህል ውጭ ያርፋል። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እዚያው ቦታ ደግሞ ከተመታ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል አለን። ጭምቱ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የጤና ወረቀት አወጣ። ልጄ ምንም አታውቅም፤ በሷ እጅ እንዴት ላጽፈው?

ቀብዱ ገብቷል። ግማሹ ለኪራይ ሄዷል። አትሂድ ካልኩት በሚስቱና በሰፈሩ ፊት ማዋረዴ ነው። አንተ በዚያ በኩል፣ እኔ እንዳልኩ ሳይታወቅ፣ ልታስቀረው ትችላለህ?

አጎትህ

የካቲት 12

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴና ለእህቴ። ለሁለታችሁም የምጽፈው በስህተት አይደለም። ያለፈው ፖስታ የፀጉር ኮንዲሽነር ይሸት ነበር፤ ሙጫውም ሁለቴ ነው የተቀባው። ጋሼ፣ እሷ አንብባዋለች። አይቆጡ፤ እኔ ከመደበቅ ተገላግያለሁ።

የዓይኑን ነገር ለቢሮው ብነግር አይረዳንም። የራሳቸው ሐኪም አላቸው፤ ያ ሐኪም ያላሳለፈው ሰው አላየሁም። ታመምኩ ቢል ደግሞ ቀኑን ይገፉታል እንጂ አይሰርዙትም። እሱን የፈለጉት ለዜሮው ነው። የቤቱ ልጅ ያልተሸነፈ ሰው አሸነፈ እንዲባል። ያቺ ዜሮ ባትኖር ቴሌቪዥኑም ቀበቶ ሰጪዎቹም ግጥሚያውን አይቀበሉትም፤ ያኔ ጭምቱን ዞር ብለው አያዩትም።

ይህን ስጽፍ ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባኛል። ጋሼ የሠሩትን ወረቀት ራሳቸው ካላበላሹት ሌላ ማንም አያበላሸውም። እኔ ቪዲዮውን ባየሁ ቀን ጎሚስታውን በጆሮው አውቄው ነበር፤ ቀኝ ጆሮው የተጣጠፈ ነው። ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እንጀራዬ ነው።

የካቲት 20

ወንድሜ፣ ዛሬ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል።

ምንም አታውቅም ትባባላላችሁ። ባሌ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ነው የሚያፈሰው። በመጀመሪያ ቀን ሳቅኩበት። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጥፋለሁ፣ እሱም ፎጣውን ያየዋል። ቤታችን በዝምታ ተሞልቶ መቀመጫ ጠፍቷል።

የአባዬን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ አልቻልኩም፤ አትሂድ አልኩት። ሻንጣውን እያሰረ፣ "ቀበቶው ለአባትሽ፣ ገንዘቡ ላንቺ። ለኔ አውሮፕላኑ ይበቃኛል፣ ተሳፍሬበት አላውቅም" አለኝ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ለአባዬ ያንተን ደብዳቤ አነበብኩለት። "ወረቀቱን ካበላሸሁት ጎረቤቱ ሁሉ የማይረባ አሠልጣኝ ይለኛል" አለ። እኔም "ይበሉሃ፣ አባዬ" አልኩት። ተቆጥቶ ወጣ። ቆይቶ ጎሚስታውን ይዞት ተመለሰ። ጎሚስታው ቆሻሻ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሦስቴ መሸነፌን ሰፈሩ ያውቃል፤ አሁን ግን አንድ ሰው መሆኔ ቢታወቅልኝ ደስ ይለኛል" አለ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ወረቀት የአባዬ ነው። በራሱ እጅ፣ ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ጽፎ ፈርሟል፤ ጎሚስታውም በስሙ ፈርሟል። ቀብዱን ከየትም ብለን እንመልሳለን፤ ከካስኮቼ ለአንዱ ገዢ አግኝቻለሁ። ወረቀቱን አለቃህ ጠረጴዛ ላይ አድርግልን።

እህትህ

የካቲት 29

ይድረስ ለአጎቴና ለእህቴ።

አደረግኩት። ጋሼ፣ ያን የተወላገደ ፊደል ሳይ፣ ከሥልጠና ቤትዎ ከወጡት ሁሉ ትልቁን ግጥሚያ የገጠሙት እርስዎ እንደሆኑ ነው የተሰማኝ።

አለቃዬ አነበበው። ከታች የካውያው እንፋሎት ይመጣል፣ እኔ ከሥራ የምባረርበትን ቃል እጠብቃለሁ። እሱ ግን መነጽሩን አወለቀና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ሌላ ሰው ያውቃል?"

ማንም አያውቅም አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "እንግዲያው አሥራ አንድ ለዜሮ ነው" አለኝ። የአውሮፕላን ትኬቱም ተቆርጧል።

ካሰብኩት በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አለቃዬ ውሸቱን አልፈራውም። የፈራው እንዳይታወቅበት ነው።

የእህትዎ ልጅ

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔም ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ፣ "ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?" አልኳት፤ ካስክ ውስጥ ስላልነበርኩ ቀስ ብዬ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከአራቱ ካስኮች የአንዱ ቦታ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። "አንቺ በሹክሹክታ ስታወሪ በር ድረስ ይሰማል" አለችኝ። "እስቲ ይቺንም አንሾካሹኪልኝ።"

መጽሔት ላይ ስለምጽፍ እንደመረጠችኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ደግሞ ለምክሬ ብላ መስሎኝ ነበር! ይጻፍ ወይ ብላ ባሏንም ጠይቃዋለች። "ሰው ማንበብ ይወዳል" ብቻ ነው ያላት። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥረነዋል። የአክስት ልጁም "እኔን ስትጽፉ ቁመቴን ጨምሩልኝ" ብሎ መልእክት ልኳል። ረጅም ሰው ነው።

ስም አልጠራሁም። ቪዲዮዎቹ ግን ለማንም ክፍት ናቸው፤ አንዴ ከነጺሙ፣ አንዴ ያለ ጺሙ፣ አንዴ ራሱን ተላጭቶ የሚወድቅ፣ ቀኝ ጆሮው የተጣጠፈ ሰው ፈልጉ። ይህ መጽሔት ባሕር ማዶም እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ትሠራላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ቀበቶ ከሚሰጡት ሰዎች ጋር ትዛመዳላችሁ። አለቃው "ሌላ ሰው ያውቃል?" ብሎ ጠይቋል። እንግዲህ እናንተም አወቃችሁ።

ጭምቱ የሚበረው ሐሙስ ነው። እኔም የዚያን ቀን ለመታጠብ ቀጠሮ ይዣለሁ። ባሏ ሻንጣውን ይዞ ሄዶ እንደሆነ፣ ወይም እዚያው ቤት ውስጥ ፎጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ውሃ እየቀዳ እንደሆነ፣ ፀጉሬ እስኪደርቅ እንኳ ሳልጠብቅ መጥቼ እነግራችኋለሁ።